የእህቴ ፊት፣ የሌላ ልጅ ድምፅ

ባለፈው ሳምንት ቻርጅ አልቀበል ያለ ስልኬን ለማሠራት እዚሁ ሐረር፣ ከፈላና በር ወረድ ብላ ወደምትገኝ አንዲት ጠባብ ሱቅ ገብቼ ነበር። ጠጋኙ የጋለውን የካውያ ጫፍ ሽቦ በሚያጣብቀው ልሃም ላይ ሲያሳርፈው ያ ቀጭን ነጭ ጭስ ተነሥቶ አፍንጫዬ ገባና የመጣሁበትን ጉዳይ ረስቼ ቆምኩ። የልሃም ሽታ ለሌላው ሰው የሚከረፋ ነገር ነው፤ ለእኔ ግን የአባቴ ሸሚዝ፣ የአባቴ ጣቶች፣ ከትምህርት ቤት መልስ የምንውልባት የአባቴ ሱቅ ነው። በዚያ ሽታ ውስጥ ሁልጊዜ ታናሽ እህቴ ትርሲት አለች፤ እንጨት ሳጥን ላይ ተቀምጣ፣ እግሮቿ መሬት ሳይደርሱ፣ ገና ለተጠገነ ቴፕ ታወራለች። ትርሲት ከሞተች ይኸው ስምንት ዓመት ሆናት። በልጅነቷ በቴሌቪዥን አይቷት ያለቀሰ ሰው ዛሬም በየአገሩ ሞልቷል፤ ያለቀሰው ግን ግማሿን ብቻ አይቶ ነው፣ ሌላውን ግማሿን ማን እንደወሰደብን እኔ ልናገር።

አባቴ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነበር። አንዱን ቴፕ ሠርቶ ሲጨርስ፣ መቅዳት አለመቅዳቱን ለመፈተሽ፣ ለዚሁ ሥራ ያስቀመጣትን አንዲት አሮጌ ካሴት አስገብቶ፣ ቀዩን ቁልፍ ተጭኖ፣ «ትርሴ፣ ነይ ተናገሪ» ይላት ነበር። እኔ በሦስት ዓመት ብበልጣትም ማይክራፎን ሲቀርብልኝ አፌ ይደርቅ ስለነበር ሥራው የእሷ ሆኖ ቀረ። እሷም ሳጥኗ ላይ ወጥታ፣ ስሟን ተናግራ፣ እናታችን ጠዋት ለምን እንደተቆጣች አስረድታ፣ ከዚያ እናታችን ቅመም በምትሸጥበት በጊደር መጋላ ገበያ የሰማችውን የሴቶች ጠብ የሁለቱንም ወገን ቃል እየለዋወጠች ትተርክ ነበር። አባቴ ካሴቱን አጠንጥኖ ሲያሰማው ባለቴፑ ሆዱን ይዞ ይስቅና ዕቃውን ተቀብሎ ለመሄድ ይዘነጋ ነበር። በነጋታው ሌላ ቴፕ ሲመጣ፣ በዚያችው ካሴት ላይ፣ በትናንቱ ወሬ ላይ የዛሬው ይቀዳል።

ድምፅዋ የልጅ ድምፅ አልነበረም። ጎርነን፣ ሻከር ያለ ስለነበር ከውጭ የሚሰማት ሰው ሱቁ ውስጥ ትልቅ ሴት ያለች ይመስለው ነበር። አነጋገሯም የሐረር አነጋገር ነበር፤ በ«አቦ» ጀምራ በ«ወላሂ» ትዘጋለች፣ እናቴ ደግሞ የክርስቲያን ልጅ ሆና እንዲህ ስትምል በሰማች ቁጥር ከንፈሯን ትነክስባት ነበር። ለውዝ የሚሸጡት ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ግን ሁልጊዜ ለእሷ ያደሉ ነበር። «አቦ ተያት! ማሻአላህ፣ አፏ እንዴት ይጣፍጣል!» ይሉና አንድ እፍኝ ለውዝ በቀሚሷ ላይ ይዘረግፉላታል፤ ለእኔ የሚደርሰኝ ከእሷ የተረፈው ነበር፣ በዚህም አልቀናሁም ብል ውሸቴን ነው።

ሰውዬው የመጣው በክረምት ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ስሙ በጋዜጣም በሽልማት ወረቀትም ላይ እስኪበቃው ተጽፏል። በዕድሜ አባቴን ቢያህልም እዚህ ወረቀት ላይ «እሳቸው» አልለውም። የቴሌቪዥን ድራማ ዳይሬክተር ነበር፣ የጠፋ አባቷን ፍለጋ ከአዲስ አበባ ሐረር ድረስ ስለምትመጣ ልጅ ድራማ ሊሠራ መጥቶ፣ ዝናብ የገባበትን የድምፅ መቅጃ ለማሠራት ወደ አባቴ ሱቅ ገባ። አባቴ እንደልማዱ ጠግኖ ሲያበቃ ትርሲትን ጠራት፣ እሷም ሳጥኗ ላይ ወጥታ ማውራት ጀመረች። ሰውዬው ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ አገጯን በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ፣ ፊቷን ወደ በሩ ብርሃን አዞረው። እሷ ወሬዋን አላቋረጠችም ነበር፣ እሱ ግን አንዲት ቃል አልሰማም። «አያችሁ ይቺን ፊት!» አለ አብረውት ለነበሩት። ልጅ አላለም፣ ፊት ነው ያለው፤ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ ነገሩ ግን አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

እናቴ የንስሐ አባታችንን አማክራ፣ አባቴ ሦስት ቀን አስቦ፣ ፈቀዱ። መስከረም ሲጠባ ቀረጻው ተጀመረ፣ ቤታችንም የእነሱ ማረፊያ ሆነ፤ እናቴ ገበያዋን በጊዜ እየዘጋች መጥታ ትቀቅልላቸው፣ ትጠብስላቸው ነበር። ሰውዬው የእናቴን ወጥ እየጠረገ በልቶ፣ ከግቢያችን ዛፍ የወረደውን ዘይቱን በኪሱ ሞልቶ ነበር የሚወጣው። ትርሲት ቃለ ተውኔቷን የምታጠናው ከእኔ ጋር ነበር፤ እኔ የክፉዋን እንጀራ እናትም፣ የፖሊሱንም፣ የሾፌሩንም ቃል አነብላት ነበር፣ በመጨረሻ ሁለታችንም ሁሉንም ቃል በቃል ይዘነው ነበር። ወረቀቱ ላይ የአዲስ አበባ ልጅ አነጋገር ስለነበር አንድ ቀን ልታስተካክል ሞክራ ተሰናከለችና ሰውዬውን ብትጠይቀው፣ «አንቺ እንደመጣልሽ ተናገሪ፤ እኛ የምንፈልገው አንቺን ነው» አላት። እኔ እዚያው አጠገባቸው ነበርኩ።

ከሁሉ የማልረሳው የበሩ ትዕይንት ነው። ልጅቷ አባቷ ይኖርበታል የተባለውን ቤት አንኳኩታ፣ የምትከፍትላትን ሴት «አባቴ እዚህ ቤት ነው?» ብላ ትጠይቃለች፣ ሴትየዋ «የለም» ትላታለች፤ ሌላ ነገር የለውም። በአንዲት ጠባብ መንገድ ላይ ሲቀረጽ ሰፈርተኛው ግድግዳ ተደግፎ ትንፋሹን ውጦ ይመለከት ነበር፣ ትርሲትም በዚያ በጎረነነ ድምፅዋ ስትጠይቅ፣ አዴ ፋጡማ ድምፅ እንዳያሰሙ ሻሻቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው ሲንሰቀሰቁ አየኋቸው። አባቴ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ነበር፣ እሱም ወደ ግድግዳው ዞረ።

ድራማው በቴሌቪዥን መታየት የጀመረው በገና ሰሞን ነው። አባቴ ቴሌቪዥኑን መስኮቱ ላይ አውጥቶ፣ ፊቱን ወደ ግቢው አዙሮ፣ ሰፈሩን በሙሉ ጠራ፤ ከአቦከር ሰፈር አክስታችን ልጆቿን አስከትላ መጣች፣ አዴ ፋጡማ አንድ ቁና ለውዝ ቆልተው ይዘው ገቡ፣ ወንበር ያልደረሰው በርጩማ፣ በርጩማ ያላገኘው ጄሪካን ገልብጦ ተቀመጠ። ትርሲት ከፊት፣ እናቴ ጭን ላይ ነበረች። ፊቷ ስክሪኑን ሞልቶ ሲመጣ ግቢው እልል አለ። ከዚያ አፏን ከፈተች፣ የወጣው ድምፅ ግን የእሷ አልነበረም። ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ የተሞላቀቀ የአዲስ አበባ ልጅ ድምፅ ነበር።

እልልታው ቆመ። አባቴ ብድግ ብሎ የድምፁን ቁልፍ ወዲያና ወዲህ አዞረው። አንቴናውን ነካካ። የቴሌቪዥኑን ጎን በመዳፉ ሁለቴ መታው። ልጅቷ መናገሯን አላቆመችም፣ ድምፁም ያው ነው። ከዚያ አባቴ ቤት ገብቶ ካቻቢቴውን ይዞ ወጣና፣ ያ ሁሉ ሰው እያየው፣ የኋላ ክዳኑን ብሎን አንድ በአንድ ይፈታ ጀመር። ሃያ ዓመት የሰው ዕቃ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፣ ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል! ሰፈርተኛውም ይጠብቀው ነበር፤ በአባቴ እጅ ያልተስተካከለ ነገር ስለማያውቅ ይህንንም እንደሚያስተካክለው አልተጠራጠረም። «አዑዙ ቢላህ፣ የማን ልጅ ናት ውስጧ የገባችው?» አሉ አዴ ፋጡማ ቀስ ብለው። አራተኛውን ብሎን ሲይዝ ትርሲት ከእናቴ ጭን ወርዳ ሄዳ እጁን ያዘችው።

«አባዬ፣ ተወው» አለችው በራሷ ድምፅ። «ቴሌቪዥኑ ደህና ነው።»

አንዱ ልጅ ሳቀ። ከዚያ ሌሎቹም። አባቴ ካቻቢቴውን እንደያዘ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ የዕለቱ ክፍል እስኪያልቅም አልተነሣም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን በጋ ባላስታውሰው ደስ ይለኝ ነበር። ልጆች «ድምፅ አልባዋ» ብለው ይጠሯት ጀመር፣ ትልልቆቹ ደግሞ መንገድ ላይ አስቁመው፣ «እስቲ እንደ ቴሌቪዥኑ ተናገሪልን» ይሏታል። በራሷ ድምፅ ስትናገር፣ «ኧረ ይቺ አይደለችም» ብለው ጥለዋት ይሄዱ ነበር። እሷ ሞኝ አልነበረችም። በየሳምንቱ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጣ የዚያችን የማናውቃትን ልጅ ድምፅ አጠናችው፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ጉሮሮዋን እያጠበበች፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ልቅም አድርጋ ይዛው ነበር። ከዚያ በኋላ ማንም ጥሏት አልሄደም። መጀመሪያ ለእንግዳ፣ ከዚያ ለትምህርት ቤት፣ ከዚያ ለእናቴ፣ በመጨረሻ ማታ አልጋ ላይ ጎን ለጎን ስንተኛ ለእኔም በዚያ ድምፅ ታወራኝ ጀመር። «አቦ» ቀረ፤ «ወላሂ» ቀረ፤ እናቴ የተመኘችው ሁሉ ተሳካላት፣ አንድ ቀንም ደስ ሲላት አላየሁም። አባቴ ቴፕ ሠርቶ ሲጠራት፣ «ጉሮሮዬን አሞኛል» ስለምትለው፣ እሱ ራሱ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለ ይፈትሽ ነበር።

በሚያዝያ ሰውዬው የቀሩትን ክፍሎች ሊቀርጽ ተመለሰ። እንደ እንግዳ ሳይሆን፣ እንደ ዘመድ፣ «ቤቶች!» እያለ ነው የገባው። አባቴ ተሽቀዳድሞ ወንበር አቀረበለትና፣ እንደ ባለጉዳይ ቆሞ፣ ድምፅዋ ለምን እንደተቀየረ ጠየቀው። «ጋሼ፣ ድምፅዋ ከፊቷ ጋር አልሄደልንም» አለ፣ «ፊቷ የመልአክ ነው፣ ድምፅዋ ግን የገበያ ሴት። ደግሞም አገሩ በሙሉ ነው የሚያየው።» የገበያዋ ሴት እናቴ ሳህን ይዛ አጠገቡ ቆማ ነበር። አባቴ አልተቆጣም፤ መቆጣት አያውቅበትም። በቀረጻው ጊዜ የልጁ የራሷ ድምፅ የተቀዳበትን ካሴት እንዲሰጠው ብቻ ለመነው፣ ሰውዬውም፣ «ይደርስዎታል፣ ምን ችግር አለው» ብሎ ወደ ማዕዱ ቀረበ።

ያን ቀን ማንም የማያደርገውን እኔ አደርገዋለሁ አልኩ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ብርሃን የሚያርፍበት አንድ ነጭ ግድግዳ ነበር፣ በመጨረሻው የቀረጻ ቀን የድራማው መዝጊያ እዚያ እንዲቀረጽ ቆርጦ ነበር፤ መንገዱ ግን በእነዚያ ጠመዝማዛ መንገዶች ውስጥ ስለጠፋበት እንድመራው ጠየቀኝ። «እሺ፣ ጋሼ» ብዬ ከፊት ቀደምኩ። ካሜራውን፣ ያንን ከባድ ባለሦስት እግር መቆሚያውን፣ ባትሪውን አሸክሜ ዳገት አወጣኋቸው፣ ቁልቁለት አወረድኋቸው፣ በአንዱ መስጊድ በር ሦስት ጊዜ አሳለፍኋቸው፤ ግድግዳው ሁሉ ለእነሱ አንድ ስለሆነ አላወቁትም። «ደረስን?» ሲለኝ፣ «እዚህ ጋ ናት» እለዋለሁ። ላቡ በአንገቱ ሲወርድ እያየሁ የተሰማኝን ደስታ ከዚያ በኋላ በሠርጌ ቀን እንኳ አላገኘሁትም። ትርሲት ቀድማ ከምትጠብቀን ግድግዳ ዘንድ ስንደርስ ፀሐይዋ ጠልቃ ነበር፣ እነሱም በማግሥቱ ጠዋት ተሳፋሪ ስለነበሩ ያ መጨረሻ ሳይቀረጽ ቀረ። አባቴ ሲሰማ እንዲቀጣኝ ተጠርቼ ገባሁ፤ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ የሚያለቅስ መስሎኝ ቀረብ ስል እየሳቀ ነው። ከገና ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

ካሴቱ ግን አልደረሰም፤ አባቴ እስኪሞት ድረስ ፖስታ ቤት በሄደ ቁጥር እየጠየቀ ይመለስ ነበር። ትርሲት አሥራ ስምንት ሲሞላት ተዋናይ ልሁን ብላ አዲስ አበባ ሄደች። የገባችበት ሁሉ፣ «ያቺ ልጅ! አደግሽ!» ብሎ ተቀበላት፤ ከዚያ ተናገሪ ይሏታል። በገዛ ድምፅዋ ስትናገር «አንቺ አይደለሽም»፣ በተማረችው ስትናገር «ይህ የሕፃን ድምፅ ነው» ይሏታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመለሰች፣ አንድ የጨርቅ ሱቅ ተቀጥራ፣ ብዙ ሳትናገር ስትሠራ ቆይታ፣ የልብ ሕመም ይዟት ጠናባትና በሃያ አራት ዓመቷ፣ በኅዳር፣ ቀበርናት። የገደላት ልቧ ነው፤ ሐኪሙ ነግሮኛል፣ እኔም አውቀዋለሁ። ቂም ግን የሐኪም ወረቀት አይጠይቅም። በሳልስቱ ያ ሰውዬ በቴሌቪዥን ቀርቦ፣ እንባውን እየጠረገ፣ «ያ ጣፋጭ ድምፅዋ ዘላለም ከእኛ ጋር ይኖራል» አለ። የልቅሶ ቤት ሰው እያየኝ ከተቀመጥኩበት ፍራሽ ተነሥቼ ቴሌቪዥኑን ከነሽቦው ነቀልኩት።

ከአርባዋ በኋላ ደወልኩለት። «እህቴ፣ ያ ካሴት እኮ ያኔውኑ ሌላ ተቀድቶበታል፤ ማን ያስቀምጣል ብለሽ ነው?» አለኝ ቀለል አድርጎ። የአባቴን የመፈተሻ ካሴት ፈልጌ አገኘኋት፤ በሁለቱም ገጽ ያለው የአባቴ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብቻ ነው። አባቴም ቢሆን በልጁ ድምፅ ላይ ሲቀዳበት ኖሯል። ለአባቴ ይቅር ብያለሁ፤ ነገ ደግሞ ሌላ የምታወራ መስሎት ነው። ለዚያኛው ይቅር አላልኩም።

ዘንድሮ በጥቅምት ራሱ በሬን አንኳኳ። ሽበት ወርሶት፣ ከዘራ ይዞ፣ ሁለት ወጣቶችን ካሜራ አሸክሞ መጣና፣ ስለ ትርሲት የመታሰቢያ ፕሮግራም ልሠራ ነው፣ ያላንቺ አይሆንም አለኝ። አስገባሁት። ወንበር ሰጠሁት፣ ውኃ አቀረብኩለት፣ መብራታቸውን እስኪተክሉ በትዕግሥት ጠበቅሁ። ማይክራፎኑን ነጠላዬ ላይ ሰኩልኝ። «የኔ እመቤት» አለኝ ሰውዬው፣ «እንደልብሽ፣ በሐረር አነጋገርሽ ተናገሪ። አሁን ተመልካቹ የሚወደው እሱን ነው።»

አፌን ከፈትኩ። ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ፣ እጄን አወናጨፍኩ፣ ቅንድቤን አነሣሁ፣ ፈገግ አልኩ፤ ድምፅ ግን አላወጣሁም። የድምፅ ባለሙያው ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ጫን አደረገ፣ ሽቦውን ነቅሎ ሰካ፣ ባትሪ ለወጠ፣ ሌላ ማይክራፎን አመጣ። እኔ አላቆምኩም፤ የትርሲትን ቃለ ተውኔት ከመጀመሪያው ቃል ጀምሬ በከንፈሬ ብቻ እወጣው ነበር። የበሩ ትዕይንት ላይ ስደርስ ሰውዬው ገባው።

«ፊቴን ቀርጸዋል» አልኩት። «ድምፁን እንደለመዱት ከሌላ ሰው ያስገቡበት።»

«ያኔ እኮ ሥራ ነው ብዬ ነው፣ ልጄ» አለ ከዘራውን ተመርኩዞ እየተነሣ። ዕቃቸውን እስኪሰበስቡ ቆሜ፣ በአክብሮት እስከ ውጭው በር ሸኘሁት፤ እናቴ እንዲህ ነው ያሳደገችን። ወደ ቤት ስመለስ ሰውነቴ ቀሎኝ ነበር፣ ሁለት ቀን ሙሉ ምግብ ጣፈጠኝ።

በሦስተኛው ቀን፣ ትርሲት ያኔ በነበረችበት ዕድሜ ያለችው ልጄ፣ «እማ፣ የአክስቴ የራሷ ድምፅ እንዴት ነበር?» አለችኝ። «ቆይ ላሰማሽ» ብዬ፣ የአባቴን ሱቅ፣ ሳጥኑን፣ የጊደር መጋላን ጠብ አስታውሼ፣ እሷን መስዬ ለመናገር አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ያ ቀጭኑ ድምፅ ነው። ደግሜ ሞከርኩ፣ ያው ነው። ጎርናና ነበር፣ ሻካራ ነበር እያልኩ ስጽፍ ቃሉን ነው የማውቀው፤ ድምፁን አልሰማውም። ያኔ ያ ድምፅ ከጠዋት እስከ ማታ ቤታችንን ሞልቶት ሳለ፣ «ኧረ እባክሽ ዝም በይ» የምላት እኔ ነበርኩ። ዛሬ ዓይኔን ጨፍኜ የነገረችኝን ሁሉ አንድ ሳይቀር አስታውሳለሁ፣ የምትነግረኝ ግን ያቺ ስሟን እንኳ የማላውቃት የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ሰውዬው በሬ ላይ ቆሞ ሳለ ይህን ባውቅ ኖሮ በዝምታ ብቻ አልሸኘውም ነበር።